ጥሩወርቅ፣ ናርዶስ ወይስ ሊያ? የ43 መልሶች ክር

ጠያቂው ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ መወያያ ገጽ ላይ የጻፈው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ክር የምለው ከሥሩ የተከታተሉትን መልሶች ነው። ሕፃን ያለበት ቤት መሆኑ ከሰዓቱ ያስታውቃል። አዲስ አበባ የሚኖር አባት ነው። ሴት ልጁ 52 ቀን ሆኗታል፤ ስም ግን የላትም። እስካሁን ሚጡ ነው የሚሏት። ሚጡ ደግሞ ስም አይደለም። በየቤቱ ያለች ትንሽ ልጅ ሁሉ ሚጡ ናት።

ሦስት ስም ቀርቧል። እናቱ የራሳቸውን እናት ስም አንስተው ጥሩወርቅ ትባል ብለዋል። ሚስቱ ናርዶስ ነው የምትለው። አሜሪካ ያለችው እህቱ ደግሞ በቪዲዮ ደውላ ሊያ በሏት፣ የትም ብትሄድ አትቸገርም ብላለች። እሱ መሀል ላይ ቀርቷል። ልጅቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ወረዳ ሄዶ ልደቷን የሚያስመዘግብበት ጊዜ 90 ቀን ነው። ከክርስትናው በኋላ የምትተርፈው 10 ቀን ብቻ ናት።

ጥያቄው አጭር ነው፤ ከሦስቱ የቱ ይሻላል? እዚያው ላይ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ጥሩወርቅ የሚባሉት አያቱ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ ያሳደጉት ናቸው። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ኪሱን ቆሎ ይሞሉለት ነበር። ይህቺን ባይጨምር ኖሮ ክሩ አሥር መልስ ላይ ያልቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

መላሾቹን በቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። ስለ ስም ሲጨቃጨቁ ከሰነበቱት ሰዎች ግማሾቹ ራሳቸው የገቡት በውሸት ስም ነው።

ቁጥር 1 እንኳን ማርያም ማረቻት ብሎ፣ መርቆ፣ ምንም ሳይመርጥ ወጣ። ቁጥር 2 ሦስቱም ያምራሉ አለ። እንዲህ ያለ መልስ ማንን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ያለሱ ግን ክር አይጀመርም።

ነገር የተነሳው ቁጥር 3 ላይ ነው። ሴትየዋ ስልኳ ላይ ያለ የስም ዝርዝር ፈልጋ፣ ናርዶስ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው ብላ ለሚስትየዋ ድምፅ ሰጠች። ቁጥር 4 ትዕግሥት የለውም። እነዚያ ዝርዝሮች ትርጉሙ የጠፋባቸውን ስም ሁሉ የእግዚአብሔር ስጦታ እያሉ እንደሚሞሉት፣ ናርዶስ ግን ሂማሊያ ተራራ ላይ የሚበቅል ተክል እንደሆነና ሽቱ የሚወጣውም ከሥሩ እንደሆነ ጻፈላት። አነጋገሩ ይቆጠቁጣል፤ እውነቱ ግን ከሱ ጋር ነው። እኔም እነዚያን ዝርዝሮች አይቻቸዋለሁ። ግማሹ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ የቀረው ደግሞ በግዕዝ የብርሃን ልጅ። ግዕዝ መልስ ስለማይሰጥ የፈለጉትን ይለጥፉበታል።

ቁጥር 5 የደሴ ሰው ነው፤ ሙስሊም። እነሱ ቤት ስም በሰባተኛው ቀን ይወጣል። ለሴት አንድ በግ፣ ለወንድ ሁለት በግ አቂቃ ይታረዳል፤ ጎረቤት በልቶ መርቆ ይሄዳል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ልጅ 52 ቀን ሙሉ ሚጡ እየተባለች መክረሟ ገርሞታል። በቀልድ ነው የጻፈው፤ በቀልድም ነው የተቀበሉት። ቁጥር 6 ብቻ ቀልዱን አልፎ ትምህርት ጀመረ። መጽሐፈ ኩፋሌን ጠቀሰ። አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት መግባታቸውን፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ክርስትና የሚነሱትም ከዚያ የተነሳ መሆኑን በሰፊው አስረዳ። ደህና አድርጎ ነው የጻፈው። የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ሊያ ብዙ ጠበቃ አላገኘችም። ቁጥር 7 መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ስሟ ልያ ተብሎ እንደሚጻፍ አርሞ፣ ያዕቆብ 7 ዓመት ያገለገለው ለራሔል እንደነበር አስታወሰ። ሲነጋ ግን ድንኳኑ ውስጥ ያገኘው ልያን ነው። እሱ ለልጁ ያልተመረጠች ሴት ስም አያወጣም። ቁጥር 8 ሴት ናት፣ ተናዳለች። ልያ ስድስት ወንዶች ልጆች እንደወለደች፣ ሌዊም ይሁዳም የእሷ እንደሆኑ፣ ዳዊትም ከይሁዳ ወገን እንደመጣ ቆጠረችለት። ሴትን ባሏ ስንት ወደዳት ብሎ የሚመዝን ሰው ለሴት ልጅ ስም ባያወጣ ይሻላል በሚል ዘጋችው። በዚህ ጊዜ ጠያቂው ገብቶ ሁለቱንም አመሰገነ። ጨዋ ሰው ነው። ክሩ ከእጁ እየወጣ መሆኑ ግን ገና አልገባውም።

ቁጥር 9 ላይ ነደደ። ሰውየው ጥሩወርቅ የሠራተኛ ስም ነው አለ። ልጅቷ ነገ የግል ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እነ ሶሊያናና እነ ኤልዳና መሀል ስሟ ሲጠራ እንደሚሳቅባት፣ አባትየው ለአያቱ ውለታ ብሎ ልጁን መቅጣት እንደሌለበት ጻፈ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። አፉን የከፈተው ብዙ ሰው በልቡ ይዞት በሚዞረው ነገር ነው። በላይነሽ፣ ወርቅነሽ፣ ተዋበች፣ እነዚህ ስሞች በአንድ ትውልድ ውስጥ ከሳሎን ወደ ማድቤት ወርደዋል። ማን እንዳወረዳቸው የሚናገር የለም። ሁላችንም ግን አንድ አንድ ደረጃ ሳንገፋቸው አልቀረንም።

ቁጥር 10 በታሪክ መጣ። የሰሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሚስት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት ስም ጥሩወርቅ ነው። ለንግሥት የበቃ ስም ለመዋዕለ ሕፃናት እንዴት ያንሳል ሲል ጠየቀ። ቁጥር 11 ያንኑ ታሪክ ይዞ ተገላበጠ። እቴጌይቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲወርድ መንገድ ላይ ታመው መሞታቸውን አስታውሶ ስሙ ገድ የለውም አለ። ቁጥር 12 ለዚህ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሰጠው። ልጃቸው ዓለማየሁም በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቷል፤ ዛሬም ግን በየሰፈሩ ዓለማየሁ የማይባል ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ገድ የሚሉት ነገር ሰው ከወደደው ስም ላይ አይደርስም።

ከዚያ ቁጥር 13 መጣች። ቁጥር 9ን ነው የፈለገችው። ጅዳ 9 ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። የእሷም ስም መጨረሻው ወርቅ ነው። ማዳሟ በመጀመሪያው ቀን ስሟን አንዴ ሰምታ፣ ይሄ አይሆንም ብላ፣ ሌላ አጭር ስም ሰጥታታለች። ዘጠኝ ዓመት በሱ ተጠራች። የማድቤቱን ቁም ሳጥን በር ስትከፍተው፣ በውስጥ በኩል፣ ቅመም ከሚቀመጥበት መደርደሪያ አጠገብ ሙሉ ስሟን በአማርኛ በእስክሪብቶ ጽፋበት ነበር። ማንም አያነበውም። ጨው ለማውጣት በከፈተችው ቁጥር እሷ ታነበዋለች። ቁጥር 9 የሠራተኛ ስም ያለው ይህንን እንደሆነ፣ በዚህ ስም ተልኮ በመጣ ገንዘብ እናቷ ቤት መሥራታቸውን፣ ቆርቆሮውም የሠራተኛ ቆርቆሮ ከሆነ ይንገራት ብላ ጻፈች።

ቁጥር 14 ራሱ ቁጥር 9 ነው። አልተረዳችሁኝም አለ። ከዚያ በኋላ አልታየም።

ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ። ዝምታውን የሰበሩት አንዲት እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈችላቸው እንደሆነ መጀመሪያውኑ ተናግረዋል። ቁጥር 15። በእሳቸው ጊዜ ስም የሚወጣው ለልጁ ብቻ አልነበረም፣ ለቤቱም ጭምር ነው እንጂ። ልጅ ሞቶበት ሌላ ያገኘ ምትኬ ይላል፤ ካሳ ይላል። ሐዘን የተቀመጠበት ቤት ማስረሻ ይላል። ጎረቤት የልጁን ስም ሲጠራ የቤቱን ጉዳይ አብሮ ያውቃል። ለጠያቂውም ምክር ሰጡት፤ ልጄ፣ እናትህ የሟች እናታቸውን ስም መስማት ናፍቋቸው እንጂ ከሚስትህ ጋር ፉክክር ይዘው አይደለም የሚል። ቁጥር 16 እሳቸውን በአክብሮት ይቅርታ ጠይቆ ተከራከረ። የወላጅን ሐዘን ልጅ ለምን ዕድሜ ልኳን ትሸከማለች? ምትኬ የተባለች ልጅ የማን ምትክ እንደሆነች በተጠየቀች ቁጥር፣ የማታውቀውን ሙት ማስታወስ ግዴታዋ ሊሆን ነው?

ቁጥር 17 እኔ ነኝ። ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር። ምትኬ ግን የቤቴ ስም ነው።

ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረኝ፤ አላውቀውም። አያቴ ምትኬ አሉኝ። አባቴ ወረቀት ላይ መሠረት ብሎ አስመዘገበኝና ነገሩን ረሳው፤ ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። አንደኛ ክፍል ስገባ በቀኝ በኩል ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬን የያዝኩት በሰማያዊ ፌስታል ነበር። አስተማሪው ስም ይጠራል፤ ልጆቹ አቤት ይላሉ። መሠረት አለ። ዝም። ደግሞ መሠረት አለ። ዞር ብዬ ይቺ መሠረት የምትባለው ልጅ ለምን አትመጣም ብዬ አየሁ። ቀሪ ተጻፈብኝ። አራት ቀን በተከታታይ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በአምስተኛው ቀን እናቴ ተጠርታ መጣች። የተናደደችው በአስተማሪው ላይ ይሁን በአባቴ ላይ እስከዛሬ አልገባኝም።

ለቁጥር 16 የጻፍኩለት ይሄን ነው። ምትኬ መባል ከብዶኝ አያውቅም። የከበደኝ ሌላ ስም እንዳለኝ ሳይነገረኝ መቅረቱ ነው። እሱም መልሶ ልብ ሰጠኝ፤ ቀይዋን።

ቁጥር 18 አማርኛ ያስተምራል መሰለኝ፤ አጻጻፉ የጠመኔ ሽታ አለው። ነሽ ላይ ያለቁ ስሞችን ሰው ኋላቀር የሚላቸው ሰዋስዋቸውን ስላላየ ነው ባይ ነው። ሌላው ስም ስለ ልጅቷ ይናገራል፤ ነሽ ግን ለልጅቷ ይናገራል። ድንቅነሽ ብሎ የጠራ ሰው ውኃ አምጪ ሊላት ፈልጎም ቢሆን መጀመሪያ አድንቋታል። በቁጣ እንኳ ተጠርታ ምስጋናው አይቀርባትም። ይህን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። ጥሩወርቅ ነሽ የለበትም ብሎ የሚያርመው ሰው ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም።

የመጣው ቁጥር 19 ነው፣ የሩጫ ሰው። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ስትወስድ የፈረንጁ ተናጋሪ ጥን ወደ ት ቀይሮ ይጠራት እንደነበር፣ ያም ከፊት ከመቅደም እንዳላገዳት ጻፈ። ጥሩነሽ ወርቅ ካመጣች ደግሞ ስሙ ጥሩ ወርቅ ሆነ ማለት ነው ብሎ በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። ደራርቱንም ጨመረ። ያበበች ማለት ነው በኦሮምኛ፤ ትርጉሙ ከታወቀ ደግሞ ማንም አዲስ ስም አይፈልግም። ቁጥር 20 ድንቅነሽ ላይ ቆየ። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሃዳር የተገኘችው፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረችው አጽም ለዓለም ሉሲ ናት፤ ካምፑ ውስጥ ይሰማ ከነበረ ዘፈን የተወሰደ ስም ነው። ለእኛ ድንቅነሽ ናት። እሷም እንግዲህ የቤት ስምና የውጭ ስም አላት።

ቁጥር 21 ይህን ክር ያዘና ወደፊት ሳበው። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ናቸው። ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ናቸው። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ሦስት ነበራቸው፤ ክርስትናቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣብን ግራ ገብቶታል። በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ለጠያቂው የሚጠቅመው ይህ ነበር። ጠያቂው ግን ሌሊት ነቅቶ ቀን የሚተኛ ሰው ስለሆነ መሰለኝ አላየውም።

ከዚያ ሁለት መልሶች ከውጭ አገር ተከታትለው መጡ። ቁጥር 22 ሜሪላንድ ያለች እናት ናት፤ እህትየዋን ደገፈች። ጥ እና ቅ ለፈረንጅ ጉሮሮ አልተሠሩም። የእሷ ስም ሁለት ቃል ነው፤ ፎርም ላይ ተሰንጥቆ ግማሹ የመሀል ስም ሆኖ ቀርቷል። የአባቷ ስም የቤተሰብ ስሟ ሆነ፤ የልጇ የቤተሰብ ስም ደግሞ የባሏ የራሱ ስም። ሦስቱ ሲጓዙ ሦስት የተለያየ ስም ነው የሚያሳዩት። አንዴ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልጅቷ የእሷ ስለመሆኗ ተጠይቃ፣ የ4 ዓመቷ ልጅ ናት እማዬ ብላ እግሯ ላይ ተጠምጥማ ያስመሰከረችላት። ቁጥር 23 እስራኤል ነው የምትኖረው። በዘመቻ ሙሴ ጊዜ፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ በሱዳን በኩል ልጅ ሆና ነው የሄደችው። ሲመዘግቧት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣት፤ የጠየቃት አልነበረም። ዛሬ ለልጆቿ ያወጣችው የአማርኛ ስም ነው። ልጆቿ ደግሞ ስማቸውን ለመምህራን መፍታት ሰልችቷቸዋል። እሷ ማንንም አልደገፈችም። ስም ለሌላ ሰው አፍ ተብሎ ሲወጣ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል ብላ ብቻ ሄደች።

ቁጥር 24 ሚስትየዋ ናት።

አዎ። ክሩን አግኝታዋለች። እሷ ስታጠባ ባሏ ስልኩ ላይ ምን እንደሚጽፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገርሟት ነበር። የጻፈችው በትህትና ነው፤ እንዲህ ያለው ትህትና ደግሞ ያስፈራል። መጀመሪያ ሁሉንም አመሰገነች። ከዚያ ባሏ ሳይጽፍ ያለፈውን ጻፈች። እሷ ጥሩወርቅ የሚለውን ስም ጠልታ አታውቅም። አማቷ ግን ገና ሆስፒታል ሳሉ፣ እሷ ከማዋለጃ ክፍል ሳትወጣ፣ ኮሪደር ላይ ለዘመድ ሁሉ ጥሩወርቅ ተወለደች ብለው ደውለዋል። እሷ የልጇን ስም የሰማችው ከእህቷ ባል ነው። ናርዶስን ያመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ያሳደጉት አያት ኪሱን ቆሎ ይሞሉለት ነበር የሚለውንም አሁን ገና ከዚህ ማንበቧ ነው፤ ለእሷ ነግሯት አያውቅም።

ቁጥር 25፣ 26 እና 27 ያው ናቸው። አንዱ ዛሬ እራት የለም አለ። ሌላዋ ሶፋው ይመች እንደሆነ ጠየቀች። ሦስተኛው ወንድማችንን ነፍስ ይማር አለው። ጠያቂው ከዚያ ጠፋ።

የዚህን ጊዜ ነው ቁጥር 28 የመጣው። ዲያቆን ነኝ ይላል። ጽሑፉ ቀስ ያለ ነው። ናርዶስ ወንጌሉ ላይ ብቻዋን አልቆመችም። ሴትየዋ ኢየሱስን ልትቀባ ቢልቃጡን ይዛ ስትመጣ፣ በውስጡ ያለው ሽቱ ጥሩ ናርዶስ ተብሎ ነው የተጻፈው። ጥሩ ማለት እዚያ ላይ ደግ ማለት አይደለም፤ ያልተቀየጠ፣ የጠራ ማለት ነው። ኦሪት ዘጸአት ላይ ታቦቱ በጥሩ ወርቅ ይለበጥ ሲባል ያለው ጥሩ ራሱ ነው። ጥሩ ወርቅ፣ ጥሩ ናርዶስ። አማትና ምራት የተጣሉት አንድ ቅጽል ተካፍለው ነው።

ቁጥር 29 ማረም ይወዳል። ዲያቆኑ ማቴዎስ 26 ብሎ ጠቅሶ ነበር። ማቴዎስ ሽቱ ብቻ ይላል፤ ናርዶስ የሚለው ማርቆስ 14 እና ዮሐንስ 12 ላይ ነው። ዲያቆኑ ተቀበለ። ቁጥር 30 ሽቱው ከ300 ዲናር በላይ ይሸጥ እንደነበር፣ ዲናር የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደነበር አስልቶ፣ የአንድ ዓመት ደመወዝ የሚያህል ስም ለአንዲት ሚጡ አይበዛም ወይ አለ። ስቄያለሁ።

ቁጥር 31 ሕግ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአንድ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የአባት ስም፣ የተጸውኦ ስም ደግሞ አንድ ወይም ከአንድ በላይ ይፈቅዳል። የቤተ ዘመድ ስሙ መሬት ላይ አልበቀለም፤ ዛሬም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው የምንለው። ከአንድ በላይ የሚለው ግን እዚያው አለ። ስለዚህ ሁለቱን ስም አብሮ ማስመዝገብ ይቻላል የሚል አሳብ አቀረበ። ቁጥር 32 ወረዳ ተመላልሶ ጫማ የጨረሰ ሰው ነው። ሕጉ ከአንድ በላይ ይበል እንጂ ቅጹ ላይ ያለችው ሳጥን አንዲት ናት። ሁለት ቃል ከጻፍክባት ሁለተኛው ተንሸራቶ አባቷ ይሆናል። ጥሩወርቅን ራሱ ነጣጥለው ከጻፉት ልጅህ ወርቅ የሚባል አባት ታገኛለች አለው።

እኔ እዚህ ላይ ከቁጥር 32 ጋር ነኝ። አያቶቻችን ስም ሲበዛ አልተጣሉም። አንዱ ለካህኑ ነው፣ አንዱ ለአያት፣ አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለሰፈር። አራቱም አንዲት ልጅ ላይ ተቀምጠው ይኖራሉ። ጠቡ የመጣው ከሳጥኗ ነው። ሳጥኗን ያሸነፈ ልጅቷን ያሸነፈ ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ለቀቀ። ቁጥር 33 ፓስፖርት ላይ ጸ እና ፀ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፉ ጠየቀ። ቁጥር 34 ፋይዳ ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንክ ደብተሩ ላይ ሌላ ዓይነት ስም ይዞ መቸገሩን አማረረ። ቁጥር 35 ክርስትና እናት የልጅቷ አክስት ብትሆን ነውር ነው ወይ አለች፤ ሁለት ሰው ሁለት መልስ ሰጣት። ቁጥር 38 ለክርስትናው ድግስ በግ ይሻላል ዶሮ የሚል አነሳ፤ ይሄኔ የደሴው ሰው እንደተጠራ ሁሉ ብቅ አለ።

ቁጥር 39 አሜሪካ ያለችው እህት ናት። ማን እንደላከላት አልተናገረችም። ከፍቷታል። ሊያ ያለችው ለፈረንጅ ብላ ሳይሆን፣ የወንድሟ ልጅ አንድ ቀን እሷ ዘንድ ትመጣለች ብላ ስላሰበች ነው። ስታገኛት ጎረቤቶቿ ስሟን ሳይሰብሩ እንዲጠሩላት ፈልጋ ነው። ይህን ያህል ብቻ ጻፈች። ማንም አልመለሰላትም፤ እኔም። አሁን ሳስበው አንድ ቃል ብጽፍላት ኖሮ ደግ ነበር።

ጠያቂው ቁጥር 40 ላይ ተመለሰ። ልጅቷ 84 ቀኗ ነው። ክርስትና ተነስታለች፤ ወለተ ማርያም። የዲያቆኑን መልስ ክርስትናው ሳምንት ሲቀረው ለሚስቱ አሳያት። እሷ ቀድማ አይታው ነበር። ድግሱ ቀን እንግዳ ሁሉ ተቀምጦ እናቱ ልጅቷን አቅፈው ጥሩዬ አሏት። ቤቱ ፀጥ አለ ይላል። ሚስቱ እንጀራ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠችና፣ እማዬ ትክክል ናቸው፣ መጽሐፉም ጥሩ ናርዶስ ነው የሚለው ብላ ለእንግዶቹ ማስረዳት ጀመረች። እናቱ ምንም አላሉም። ሲመሽ ግን ለጎረቤት ሲናገሩ ናርዶስ የምትባለዋ የልጄ ልጅ ሲሉ ሰምቷቸዋል። አፋቸው ላይ ናርዱስ ነው የሆነው። አይታረምም።

በ83 ቀኗ ወረዳ ሄደ። ሳጥኗ ውስጥ ናርዶስ ገባ። የምስክር ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ስሙ ልክ ነው፣ የአባት ስም ልክ ነው፣ ፆታ የሚለው ላይ ወንድ ይላል። የመዘገበችው ልጅ ይቅርታ ጠይቃ፣ ናርዶስ ሲባል እንደ ቴዎድሮስ መስሏት እንደሆነ ነግራዋለች። ማስተካከያው ለሐሙስ ተቀጥሯል።

ቁጥር 41 እልልታ ነው፣ ሃያ ያህል ል በተከታታይ። ቁጥር 42 እኚያ እናት ናቸው፣ በልጅ ልጃቸው እጅ፤ ልጅቷንም ጥሩዬንም ናርዱስንም እግዚአብሔር ያሳድግ ብለው ሦስት ጊዜ መረቁ። ቁጥር 43 የደሴው ሰው ነው። በመጨረሻ የታረደው በግ ከሆነ ከየት ገበያ፣ በስንት እንደተገዛ ጠይቋል። እስካሁን መልስ አላገኘም።